ቢልጫው ከድንጋዩ ጀርባ

አዳማ ተወልደን ያደግን ልጆች አዋሽን የምናውቀው ከድልድይ ላይ ነው። ወደ አሰላ ስንሄድ በመኪና መስኮት እናየዋለን። ሶደሬ ስንሄድ ዳር ላይ ቆመን ፎቶ እንነሳበታለን። ከዚያ ወደ ፍል ውሃው እንሮጣለን፣ ጀርባችንን ለወንዙ ሰጥተን። እኔም እስካለፈው ጥር ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። እማዬ ልጆች ሳለን የወንዝ ነገር አታንሱብኝ ብላ ነው ያሳደገችን። "አዞ ይበላችኋል" ትል ነበር። እውነቷን ነው፣ አዋሽ ውስጥ አዞ አለ።

አዋሽን ቀርቤ እንዳየው ያደረገኝ ከቨርጂኒያ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሄደ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ገናን ከኛ ጋር ውሎ፣ ጥምቀትን አክብሮ ሊመለስ መጣ። ሻንጣው ሲፈታ መጀመሪያ የልጆች ልብስ ወጣ፣ ከዚያ የእማዬ መድኃኒትና ጫማ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ፣ እየተሰካካ የሚረዝም የአሳ ማጥመጃ ዘንግ። "ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አልኩት። "ለአዋሽ" አለኝ።

ትንሽ ስለሱ ልንገራችሁ። ወንድሜ እዚያ አገር ሥራ በማይገባበት ቀን ሁሉ የሚገኘው ወይ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው ወይ ሸናንዶዋ ላይ። የሚያጠምደው ስሞልማውዝ ባስ የሚባል አሳ ነው። እሱ በአማርኛ "አፈ ትንሽ" ነው የሚለው። አፉ ግን ትንሽ አይደለም። ትንሽ የተባለው ላርጅማውዝ ከሚባለው ዘመዱ ጋር ሲተያይ ነው። የዚያኛው የላይ መንጋጋ ከዓይኑ ያልፋል፣ የአፈ ትንሽ ግን ዓይኑ ጋ ሲደርስ ያበቃል። መልኩ ነሐስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት፣ ዓይኑ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ጠራ ያለ፣ ድንጋይ የበዛበት ወራጅ ውሃ ይወዳል። መንጠቆው ሲይዘው ከውሃው ዘሎ አየር ላይ ይገለበጣል። ወንድሜ ይህንን ሲያወራ ከወንበሩ ይነሳል።

አንድ ነገር ሲነግረኝ ግን በጣም ደስ አለኝ። ይህ አሳ ድሮ ፖቶማክ ውስጥ አልነበረም። በ1854 እ.ኤ.አ. ጥቂት አሳዎች ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዘው፣ የእንፋሎት ባቡሩ ሞተር የሚጠጣውን ውሃ በሚይዘው ታንከር ውስጥ ተጭነው፣ ተራራውን ተሻግረው ሜሪላንድ ውስጥ ኩምበርላንድ ከተማ ላይ ተለቀቁ። ከዚያ ተራብተው ወንዙን ሞሉት። አሳ በባቡር! አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ አዳማም ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ወንድሜ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማ ቀን ለአባባ ደውሎ ሊነግረው ስልኩን ካነሳ በኋላ ነው አባባ እንደሌለ ትዝ ያለው።

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ጥር ስለሆነ ይበርዳል፣ የአዳማ ንፋስ ገና ከማለዳው ጀምሯል፣ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች ሁሉም ይዞራሉ። ትኩስ ጨጨብሳ በላን፣ ሚኒባስ ይዘን አዋሽ መልካሳ ወረድን። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፣ ይህን የማያውቅ አዳማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሰውም ከብትም የወረደበት መንገድ ግን መሬቱ ላይ ታትሞ ሳየው ነው ስሙ የገባኝ።

ወንድሜ ወንዙ ዳር ሲደርስ ዘንጉን አላወጣም። ቁጭ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃውን ዝም ብሎ አየው። እኔ በርዶኛል፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቆሜአለሁ። "ምን እያየህ ነው?" ስለው እጁን ዘረጋና አሳየኝ። ከመሃል ወደኛ ጠጋ ብሎ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር፣ የተኛ በሬ የሚያክል። ውሃው እሱ ላይ ይሰነጠቅና በሁለት በኩል ይጣደፋል። ከድንጋዩ ጀርባ ግን ፀጥ ያለ ቦታ አለ፣ እንዲያውም ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይዞራል። በፈጣኑና በዘገምተኛው መሃል ደግሞ አንድ ቀጭን የአረፋ መስመር አለ፣ ክር የመሰለ።

"አሳ ጉልበቱን አያባክንም" አለኝ። ፈጣኑ ውሃ ምግብ ያመጣል፣ እዚያ ውስጥ መቆም ግን ያደክማል። ስለዚህ ዘገምተኛው ውስጥ ሆኖ አፉን ወደ ፈጣኑ አዙሮ ይጠብቃል። ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ሱቅ በደረቴ የሚጠራ ሰው አስቡ፣ እንደሱ ነው። አፈ ትንሽም የሚቆመው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። ወንድሜ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸናንዶዋ ላይ የተማረው ይህንኑ ነው። ከዚያች ሰዓት በኋላ እኔም ውሃ የማይበት ዓይን ተቀየረ። አሁን ዝናብ ዘንቦ የሰፈራችን ቦይ ሲሞላ እንኳን የአረፋውን መስመር ነው የምፈልገው።

እዚያ አገር በጋ ላይ ቁምጣ ለብሰው እስከ ወገባቸው ወንዙ ውስጥ ገብተው ነው የሚያጠምዱት። እዚህ ይህ አይሞከርም። አንደኛ አዞው፣ ሁለተኛ ቢልሃርዝያ። ከወንጂ ጀምሮ በመስኖው አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሰው ሲገባበት አይታወቀውም። ስለዚህ ከዳር፣ ያውም ከውሃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆምን። እናንተም ከሄዳችሁ እንደዚያ አድርጉ።

ከዚያ መወርወር ጀመረ። ሳጥኑ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የጎማ ትል፣ የጎማ ሸርጣን፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ቆርቆሮ፣ ትንሽ አሳ የሚመስል ከእንጨት የተሠራ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሞከረ። ከንጋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። ምንም የለም። ንፋሱ ክሩን ያጣምምበታል፣ መንጠቆው ሁለት ጊዜ ሥር ይዞ ተበጠሰ። ፊቱን አያለሁ፣ አልተናደደም፣ ግን ዝም ብሏል። ይህን ያህል ባሕር አቋርጦ የመጣበት ወንዝ ዝም ሲለው ለኔም ከበደኝ።

ልጁ የመጣው ያኔ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ ላይ ዘንግ የለም። ክሩን ሃይላንድ ላይ ጠቅልሎታል፣ ለክብደት የመኪና ዳዶ አስሮበታል፣ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ትል ይዟል። ሰላምታ ሰጠን፣ ትንሽ ቆሞ አየና "ጋሼ፣ በምንድነው የሚያጠምዱት?" አለ። ወንድሜ የጎማውን ትል አሳየው። ልጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ መለሰለት። "ይሄ አይሸትም። እዚህ አሳው አያይም፣ የሚፈልገው በጢሙ ነው።"

ወንድሜ ግንባሩን መታ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ተፈታለት። አፈ ትንሽ የሚያድነው በዓይኑ ነው፣ ለዚህም ነው የጠራ ውሃ የሚወደው፣ ብልጭ ያለ ነገር ሲያልፍ ያባርራል። አዋሽ ግን በጥር እንኳን መልኩ ማኪያቶ ነው። ከላይ ከደጋው አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቃ ላይ በግድብ ተይዞ ብዙ ደለል እዚያው ጥሎ ቢመጣም ጨርሶ አይጠራም። እዚህ ድንጋይ ሥር ያለው አሳ ደግሞ ቢልጫ ነው። ቢልጫ አፉ ዳር አራት ጢም አለው፣ በሁለት በሁለት ሆኖ፣ በነሱ እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው የሚበላው። የጎማ ትል ቢወዛወዝለት ምን ያደርግለታል?

ልጁ ትሉን ከሽንኩርት ማሳ ቦይ ዳር ነው የቆፈረው። አንዱን መንጠቆ ላይ ሰካና ክሩን ከራሱ በላይ ሁለት ጊዜ አሽከርክሮ ለቀቀው። የት እንደጣለው ልንገራችሁ? ያ የአረፋ መስመር ላይ። ከድንጋዩ ጀርባ፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው የሚገናኙበት ላይ በትክክል። ወንድሜና እኔ ተያየን። "እዚያ ለምን ጣልከው?" አለው ወንድሜ። ልጁ "ውሃው እዚያ ጋ ይዞራላ" አለ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ወይ በሚል ዓይን እያየው። ማንም አላስተማረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ስለቆመ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማየት ነበር። በሰላሳ ዓመት ይበላለጣሉ፣ አንዱ ከቨርጂኒያ አንዱ ከመልካሳ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቦታ ያያሉ። ወንድሜ ልጁ የሰጠውን ትል በራሱ መንጠቆ ላይ ሰክቶ፣ ቆርቆሮውን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ፣ እንደገና ወረወረ። ለኔ ልጁ ሌላ ሃይላንድ ሰጠኝ። "ክሩን እዚህ ጋ ያድርጉት እትዬ" ብሎ ሌባ ጣቴ ላይ አስተኛልኝ። "ሲነካ እንዳይስቡ። ሲሄድ ይሳቡ።"

ይህችን ነገር በደንብ ልግለጻት፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ሁሉ በጣም ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። ክሩ ጣቴ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሰማኝ ወንዙ ራሱ ነበር። አንድ ወጥ የሆነ ርግብግብታ፣ ፍሪጅ ላይ እጅ ሲያሳርፉ እንደሚሰማው ዓይነት። ዳዶው ጠጠር ላይ ሲንከባለል ደግሞ ኳ፣ ኳ ይላል፣ በጆሮ ሳይሆን በአጥንት ነው የሚሰማው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር መጣ። ቲክ። ዝም። ቲክ ቲክ። ዝም። ልጁ የክሩን ጫፍ እያየ "ተይው፣ ተይው" ይላል፣ እትዬ ማለቱን ረስቶታል። ከዚያ ክሩ ቀስ ብሎ ወደ ታች መሄድ ጀመረ፣ ሰው በር ከፍቶ ሲወጣ ዓይነት፣ ሳይቸኩል። "አሁን!" ሳብኩ። ጣቴን ቆርጦኛል፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ቢልጫ አይዘልም። ወንድሜ ይዘላል ብሎ ዓይኑን ውሃው ላይ ተክሎ ይጠብቅ ነበር። ይህኛው ግን ወደ ታች ነው የሚሮጠው፣ ጭንቅላቱን ወደ ድንጋይ እየቀበረ፣ ከወራጁ ጋር ተጋግዞ። ልጁ ክሩን ከኔ ጋር ይዞ ቀስ በቀስ አመጣነው። ዳር ሲደርስ ወርቅማ ጎን አየሁ፣ ጥፍር የሚያክል ቅርፊት፣ ወደ ታች የተቀለበሰ ወፍራም ከንፈር፣ አራቱ ጢሞች። አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ አጠገቤ ተንበርክኮ "እህቴ፣ እህቴ" ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ክርክር መጣ። ወንድሜ አሳ ይዞ መልቀቅ ልማዱ ነው። ቨርጂኒያ ብዙዎቹ አፈ ትንሽን ይይዙታል፣ ያዩታል፣ መልሰው ይለቁታል። ምክንያት አለው። ይህ አሳ በዝግታ ነው የሚያድገው። ደግሞ በመራቢያ ጊዜ ወንዱ ጠጠር ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ የሚጠብቀው እሱ ነው። ያን ጊዜ እሱን ከጎጆው ያነሳ ሰው፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፣ ሌላ አሳ መጥቶ እንቁላሉን ይጠርገዋል። ይህን ሲተርክ ልጁ በደንብ ሰማው። ከዚያ "ታዲያ ለምን ይይዙታል?" አለ። ወንድሜ ቶሎ አልመለሰም። "ለማየት" አለ በመጨረሻ።

እኔ እዚህ ላይ ሃሳቤን ልናገር። ከልጁ ጋር ነኝ። ልጁ አሳውን ለምግብ ቤት ሸጦ ደብተር ይገዛል፣ እናቱንም ያግዛል። የተራበ ቤት እያለ አንድ ኪሎ ተኩል አሳ ወደ ውሃ መልስ ብዬ አፌን አልከፍትም። ግን ወንድሜም አልተሳሳተም። በኋላ ላይ ከተያዙት ውስጥ ሁለቱ ከመዳፌ የማይበልጡ ነበሩ፣ እነሱን ልጁ ራሱ ማንም ሳይነግረው ለቀቃቸው። "ቁርጡሚ ጥቃቅኑን ከበላን ለከርሞ ምን እንይዛለን?" አለ። ቁርጡሚ በኦሮምኛ አሳ ነው። ወንድሜ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

ልጁን የሚያናድደው ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትናሉ። ያደነዝዘዋል፣ አሳው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ትልቁን ይለቅማሉ፣ ጥቃቅኑ ሁሉ እዚያው ያልቃል። ድሮ ከአያት የመጣ ዘዴ ነው ይባላል። ሊሆን ይችላል፣ ግን ድሮ ስንት ሰው ነበር፣ ዛሬስ ስንት ነው?

ምሳችንን ስንጠብቅ ወንድሜ ስለ ፖቶማክ አንድ የሚያስፈራ ነገር ነገረኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከላይኛው ተፋሰስ የተያዙ ወንድ አፈ ትንሾች ሲመረመሩ የዘር ፍሬያቸው ውስጥ የእንቁላል ሴል ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ከእርሻና ከፍሳሽ ወደ ውሃው በሚገቡ፣ ሆርሞን በሚያዛቡ ኬሚካሎች ላይ ነው። ውሃው ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ መስታወት። አሳው ግን ያውቀዋል። እኔ ያኔ የኛን አሰብኩ። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ በኩል አዋሽ ይገባል። የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን እጣቢ ይዞ ወደ ቆቃ ይወርዳል። እኛ ታች ነን። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፣ የተቀበለውን ሁሉ ይዞ እዚሁ አገራችን ውስጥና ዳሯ ላይ ነው የሚቀረው። በዚህ ነገር ዝም ማለታችን ያመኛል። ለወንዙ ጀርባችንን ስለሰጠነው ይመስለኛል ዝም የምንለው። እንደዚያ ቀን ክሩን ጣታችን ላይ አድርገን ብንቀመጥ ዝም የምንል አይመስለኝም።

ምሳ ቆሮሶ ነበር፣ ልጁ ጠዋት ሌላ ቦታ የያዘው። ሆዱን አጽድቶ፣ ጎኑን በቢላ ተልትሎ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሶበት ፍም ላይ ጣለው። ሎሚ ከኪሱ አወጣ። በቅጠል ላይ በእጃችን በላን። አምባዛም ይዞ ነበር ግን ለብቻው አስቀመጠው፣ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላ ሰው እንዳለ ያውቃል፣ "ትበላላችሁ?" ብሎ ቀድሞ ጠየቀን። ይህ ጨዋነቱ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ንፋሱ በረታ። ወንድሜ 10 ሰዓት ላይ አንድ ቢልጫ ያዘ፣ ከኔ ያነሰ። ፎቶ አላነሳም። ሁለት እጁ ላይ አስተኝቶ ጢሞቹን ቆጠረ፣ ዓይኑን አየ፣ "ቀይ አይደለም" አለ ለራሱ። ከዚያ ለልጁ ሰጠው። ልጁ ደግሞ የኔን አንድ ኪሎ ተኩል ቢልጫ በሳር አስሮ "ለእናታችሁ" ብሎ ሰጠን። አልቀበልም ብንለው አኮረፈ። ተቀበልን።

እማዬ አሳውን ስታይ መጀመሪያ ያየችው እኛን ነው፣ ከላይ እስከ ታች፣ እጅና እግራችን ሙሉ መሆኑን። ከዚያ ቢልጫውን አነሳች። "ቅርፊት አለው" አለች፣ ወደ ማድቤት ይዛው ሄደች። ጠበሰችው። ቢልጫ ስጋው ይጣፍጣል፣ እሾሁ ግን መከራ ነው፣ ገበያ ላይ ከቆሮሶ የሚረክሰው ለዚህ ነው። እማዬ እያንዳንዱን እሾህ በጣቷ እየለየች ሳህኗ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች፣ ለኛም ከእሾህ ያጸዳችውን ታጎርሰናለች፣ የሃምሳ ዓመቱን ወንድሜን ጭምር። አንድም ቃል ስለ አዞ አላነሳችም። ሳህኑን ልታነሳ ስትል ብቻ፣ ሳታየን፣ "ያ ልጅ እናት አለችው?" አለች። አለችው አልናት። በነጋታው ጠዋት ወንድሜ ወደ መልካሳ ሲመለስ እሷ የቋጠረችለትን ድርቆሽና ሁለት ኪሎ ቡና ይዞ ነበር።